ሁለቴ ወግታችሁ ካልመጣ እባካችሁ አቁሙ፦ ለደም መቅጃ ክፍል ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ ጤና ቢሮ፣ በመሀል ከተማ ላላችሁ የመንግስትም የግልም ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ላብራቶሪዎች ኃላፊዎች፣ እግረ መንገዴንም እንደኔ ክንዱን ዘርግቶ "ዛሬስ ያገኙት ይሆን?" እያለ ለሚቀመጥ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ሰው የሚጽፍላችሁ ስለ መድሃኒት እጥረት፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ወረፋ ነው፣ እሱም ልክ ነው፣ እኔ ግን ከዛ ሁሉ ያነሰ ስለሚመስል ነገር ነው የምጽፈው። ስለ ደም ስር። ደም ስራችን በቀላሉ የማይገኝ ሰዎች አለን፣ ከኛ ውስጥ ደሞ በየሳምንቱ ወይ በየወሩ ለምርመራ ደም ካልሰጠን የማይሆንልን አለን፣ እና የደም መቅጃ ክፍሎቻችን ለኛ ብለው የያዙት አሰራር እስካሁን አልገጠመኝም፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዛን ቀን ወንበሩ ጋ በቆመው ሰው ጸባይና ልምድ ነው። ጥያቄዬን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ አንድ ባለሙያ ሁለቴ ወግቶ ካልመጣለት ያቁምና ለሌላ ሰው ያስተላልፍ፣ ከመውጋቱ በፊት ደሞ "የቱ ጋ ይሻላል?" ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ይሄው ነው። የቀረው ለምን እንደምለው ነው፣ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

እኔ የልብ በር የተቀየረልኝ ሰው ነኝ። ታሪኩ የብዙ ሰው ታሪክ ነው፣ በልጅነት ቶንሲል ቶንሲል ሲባል ከርሞ በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ቀስ ብሎ የልብ በር ያበላሻል፣ ሩማቲክ የልብ ህመም የሚሉት፣ ከዛ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ከዛ ማበጥና ትንፋሽ ማጠር፣ ከዛ ኦፕሬሽን። ሰው "የብረት በር" ይለዋል እንጂ ዋናው ክፍሉ ከካርቦን ነው የሚሰራው፣ ለማንኛውም ባዕድ ነገር ስለሆነ ደም እንዳይረጋበት እድሜ ልክ ዋርፋሪን ይዋጣል። ዋርፋሪን ደሞ ዝም ብሎ የሚዋጥ ኪኒን አይደለም፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ በሚያሳይ፣ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ እየተለካ ነው የሚሰጠው። እንደኔ ሚትራል የሚባለው በር በሰው ሰራሽ ለተቀየረለት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ቁጥር ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፣ ከዛ ሲወርድ በሩ ላይ ደም ይረጋል፣ ጭንቅላት ውስጥ ከገባም ስትሮክ ነው፣ ከዛ ሲያልፍ ደሞ መድማት አለ። ጎመን ስታበዢ ይወርዳል፣ አንቲባዮቲክ ስትወስጂ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ሁዳዴ ሲገባ የምግቡ ነገር ስለሚቀየር ቁጥሩም አብሮ ይናጋል። ስለዚህ ቁጥሩ እስኪረጋጋ በየሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየወሩ፣ በመሀል ሌላ መድሃኒት ከታዘዘ እንደገና። ክንዴ አያርፍም ማለት ነው።

እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ኬሞቴራፒ የሚወስዱ አሉ፣ መድሃኒቱ ራሱ ደም ስሩን ያደነድነዋል። ጡታቸው በካንሰር ምክንያት ወጥቶ በዛኛው ወገን ክንድ መርፌ እንዳይነካቸው የተባሉ እናቶች አሉ፣ እነሱ ያላቸው አንድ ክንድ ብቻ ነው። የኩላሊት ህመምተኞች አሉ፣ ለዲያሊሲስ በኦፕሬሽን ሁለት ደም ስር የሚገጣጠምበት፣ ፊስቱላ የሚባለው የሚሰራበት ክንድ ደም ስር እንዲጠበቅ ስለሚፈለግ የሚቻል ከሆነ ከእጅ አይበሉባ ላይ ነው መቀዳት ያለባቸው፣ ፊስቱላ የተሰራበት ክንድ ላይማ ስሩ እንዲወጣ የሚታሰረው ጎማም አይታሰርም። ሽማግሌዎች አሉ፣ ደም ስራቸው ከላይ ጎልቶ ይታይና ልትወጋው ስትል ወዲያ ወዲህ ይሸሻል። ወፍራም ሰው አለ፣ ስሩ ደህና ሆኖ ጥልቅ ነው። ህጻናትን አላነሳም፣ የነሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የምነግራችሁ በመሀል ከተማ ካሉት በአንዱ የሆነ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም በሌሎቹም አይቼዋለሁ።

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት። የሐምሌን የአዲስ አበባ ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ጣት አይታጠፍም፣ ታክሲ ጥበቃ ቆመሽ ዝናብ መቶሽ ነው የምትደርሺው። ካርድ ክፍል፣ ከዛ ክፍያ፣ ከዛ ሪሲቱን ይዘሽ አግዳሚ ወንበር ላይ። ስሜ ተጠራና ገባሁ፣ ልጁ ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው፣ ጎማ ስላልነበረ የጓንት ጫፍ ቀዶ ክንዴ ላይ አሰረው። ካሰረው በኋላ ቲዩብ ፍለጋ ሄደ። ተመለሰና ስሜን ቲዩቡ ላይ መጻፍ ጀመረ፣ እስክሪብቶው አልጽፍ አለው፣ ከጓደኛው ተቀበለ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ክንዴ እንደታሰረ ነው፣ ጣቶቼ መጥቆር ጀምረዋል። ከዛ "ጨብጪ፣ ልቀቂ፣ ጨብጪ" አለኝ። ክንዴን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና ወጋ። የለም። መርፌውን ሳያወጣ ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ጠለቅ አደረገው፣ እኔ ከንፈሬን ነክሻለሁ፣ በጨለማ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚዳብሰው፣ ልዩነቱ የሚዳብሰው በመርፌ መሆኑ ነው። "ደም ስርሽ የት ሄደ?" አለኝ እየሳቀ። ምን ልበለው? ሌላኛው ክንድ፣ እንደገና። ከዛ የእጄ አይበሉባ። እዛ ላይ መጣ፣ ግን በጠብታ ነው፣ ሲሪንጁን በሃይል ሲስበው ስሩ ይጣበቃል ይቆማል፣ ሲለቀው ትንሽ ይመጣል። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ግማሽ ሲደርስ "ይበቃል" አለ። ተነሽ ተባልኩ፣ ጥጥ ሰጠኝና ክንድሽን እጠፊው አለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ አይኤንአር ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ሀኪሟ ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ ጎመን ጠየቀችኝ፣ ከዛ አንቲባዮቲክ፣ ከዛ ኪኒን ደግሜ ውጬ እንደሆነ፣ ሁሉንም የለም አልኩ። ቀጥላ ግን እኔ ያልጠበቅሁትን ጠየቀች፦ "ቲዩቡ እስከ መስመሩ ሞልቶ ነበር?"

ይሄን ጥያቄ ለምን እንደጠየቀች ብዙ ሰው አያውቅም። ያ ሰማያዊ ቲዩብ ባዶ አይደለም፣ ውስጡ ሲትሬት የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፣ ልኩም ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። ደሙ ካነሰ ሲትሬቱ ይበዛበታል፣ ሲትሬት ሲበዛ ማሽኑ ላይ ደሙ ለመርጋት ረጅም ጊዜ የወሰደ ይመስላል፣ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። በዛ ወረቀት ተመርቶ ሀኪም ዋርፋሪን ቢቀንስ ወይ "ሁለት ቀን አትውሰጂ" ቢል ትክክለኛው ቁጥር ይወርዳል፣ የኔ አይነት በር ላይ ደግሞ መውረድ ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሀኪሟ መድሃኒቱን ሳትነካ ድገሚ አለችኝ፣ ሌላ ቦታ ሄጄ በደንብ ተቀድቶ ሲታይ ቁጥሩ ቦታው ላይ ነው። ያቺ ሀኪም ባትጠይቅስ?

ለዚህ ነው ነገሩን "ትንሽ ህመም ነው፣ ቻይው" ብላችሁ እንዳታልፉት የምለምነው። ህመሙን እንችለዋለን፣ ለምደነዋል። ችግሩ በትግል የተቀዳ ደም ብዙ ጊዜ የተበላሸ ደም መሆኑ ነው። ጓንቱ ረጅም ደቂቃ ታስሮ ሲቆይ ከጓንቱ በታች ያለው ደም ውሃው ወደ ውጪ ይወጣና ይወፍራል፣ ፕሮቲንና የመሳሰለው ካለው በላይ ሆኖ ይነበባል። ጨብጪ ልቀቂ ሲባል ፖታሲየም ከጡንቻ ይወጣል። በቀጭን መርፌ ሲሪንጅ በሃይል ተስቦ፣ ከዛ በክዳኑ በኩል በግፊት ወደ ቲዩብ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፣ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈሳል፣ አሁንም ፖታሲየም በውሸት ከፍ ይላል። የኩላሊት ታማሚ ፖታሲየም ከፍ አለ ሲባል ቤቱ ውስጥ ምን ድንጋጤ እንደሚሆን አስቡት። አንዳንዴ ደሞ በጣም ቀስ ብሎ ስለመጣ ሲሪንጁ ውስጥ እያለ ይረጋል፣ ላብራቶሪው "ናሙናው አይሆንም" ብሎ ይጥለዋል፣ በሽተኛው ተመልሶ ይወጋል። እንደኔ ያለ በሽተኛ ደግሞ አንዳንድ ቦታ እንደገና ክፈል ይባላል። ይሄን አንድ ነገር እንኳ ዛሬውኑ ብታስቀሩት፣ በናንተ በኩል የተበላሸ ናሙና በሽተኛው ለምን ይከፍልበታል?

መመሪያው እኮ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ደም ስለ መቅዳት ብቻ የሚናገር መመሪያ አውጥቷል፣ ጎማው ከሚወጋበት ቦታ አራት አምስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ እንዲታሰር፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው እንዲፈታ፣ አልኮሉ ከተቀባ በኋላ እስኪደርቅ እንዲጠበቅ ሁሉ ይላል። እርጥብ አልኮል ላይ ሲወጋ የሚያቃጥለው ነገር ለካ በትዕግስት የሚቀር ነው። ሁለቴ ሞክሮ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም በብዙ አገር ላብራቶሪ የተለመደ አሰራር ነው፣ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። መርፌውን ቆዳ ውስጥ እንዳለ ወዲያ ወዲህ ማዞርም እንዲሁ የሚከለከል ነገር ነው፣ ክርን ላይ ወደ ውስጥ በኩል ካለው ስር ጎን ነርቭና አርተሪ፣ ከልብ ደም የሚያመጣው ስር፣ ስላለ። በሽተኛው እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ ካለ ወዲያው ማውጣት ነው፣ "ትንሽ ታገሺ" አይባልም።

ባለሙያዎቹን ለመውቀስ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው እንደቀዳ አይቻለሁ፣ በሩ ላይ ያለው ሰው "ኧረ ቶሎ በሉ" እያለ ይጮሃል፣ ጎማ የለውም፣ ቢተርፍላይ የምትባለው ቀጭን መርፌ የለውም፣ የሚያስተላልፍለት ሰው ጎረቤት ክፍል ቢኖርም "አቃተኝ" ብሎ መጥራት የሚያሳፍር ተደርጎ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ህግ ይሁን የምለው። ግድግዳው ላይ "ከሁለት ሙከራ በኋላ ባለሙያ ይቀየራል" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቢሆን ልጁ አልተሸነፈም፣ ህጉን ነው ያከበረው፣ እኔም ስለምን "ሌላ ሰው ይምጣልኝ" ብዬ ክፉ ሰው እባላለሁ?

ቢተርፍላይ ካልኩ አይቀር። ክንፍ ያላት፣ ቀጭን ቱቦ ያላት መርፌ ናት፣ ሰማያዊ ክንፍ ያላት 23 ቁጥሯ ለኛ አይነት ስር የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። የብርቱካን ቀለሟ 25 ቁጥር ደግሞ በጣም ስለምትቀጥን ሴሎቹን ትጎዳለች ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ ለህጻን ናት። ብዙ ቦታ "ከውጪ ግዢ" ነው መልሱ፣ እሺ እገዛለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከዋርፋሪኑ ጎን ሁሌ አለች። ከዛ አንዱ ጋ "ጎበዝ፣ አምጪያት" ይሉኛል፣ ሌላው ጋ "የራስ እቃ አንቀበልም፣ ስተራይል መሆኑን በምን እናውቃለን" ይሉኛል፣ ማሸጊያው እንኳን አልተከፈተም። ወይ ግዙልን ወይ የገዛነውን ተቀበሉን፣ ሁለቱንም እምቢ ማለት ምን የሚሉት ነው? አንድ ነገር ግን ለባለሙያዎቹ፣ በቢተርፍላይ ሲቀዳ ቱቦዋ ውስጥ አየር ስላለ የመጀመሪያው ቲዩብ በዛ አየር ልክ ይጎድላል፣ ስለዚህ ሰማያዊው ቲዩብ መጀመሪያ ከሆነ ከሱ በፊት የሚጣል አንድ ቲዩብ ማስገባት ያስፈልጋል። ይሄን የነገረኝ ራሱ የላብራቶሪ ሰው ነው።

ስለሱ ሰውዬ ልንገራችሁ። ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፣ የት እንደሚሰሩ አልናገርም ሰው እንዳያጨናንቅብኝ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ክንዴን ሳይነኩ "የቱ ጋ ነው የሚገኝልሽ ልጄ?" አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ አፌን ነው የያዝኩት። ቀኝ፣ ከክርኑ ወደ ውጪ በኩል፣ አልኩ። አሰሩ፣ ጣታቸውን አስቀመጡ፣ እያዩ አይደለም፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ እየጫኑ እየለቀቁ ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙት ፈትተው ክንዴን አሳረፉት። እቃቸውን አሰናዱ፣ ቲዩቡን፣ ጥጡን፣ ሁሉንም፣ ከዛ ነው እንደገና ያሰሩት። አልኮሉ እስኪደርቅ ስለ ልጃቸው ማትሪክ አወሩኝ። ከዛ በአውራ ጣታቸው ከሚወጉበት ዝቅ ብለው ቆዳውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ያዙት፣ ስሩ እንዳይሸሽ መሆኑ ነው፣ አንዴ ወጉ፣ መጣ፣ ደሙ መምጣት ሲጀምር ጎማውን ፈቱት። መስመሩ ጋ ሲደርስ ቲዩቡን ገለባበጡት፣ አልነቀነቁትም። ክንዴን ማጠፍ ሳልጀምር "አትጠፊው፣ ቀጥ አድርገሽ ጫኚው፣ አንቺ ዋርፋሪን ላይ ነሽ" ብለው ጥጡን ራሳቸው ያዙልኝ። ሲጨርሱ ካርዴ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፦ "ቀኝ፣ ውጪ በኩል፣ 23 ቢተርፍላይ፣ ጥጥ 5 ደቂቃ"።

እኔ የምጠይቀው ያችን መስመር ነው። አሁን ካርዱን ትታችሁ ወደ ኮምፒውተር እየገባችሁ ነው፣ በጣም ጥሩ፣ የአለርጂ ቦታ እንዳለው ሁሉ የደም ስርም አንድ መስመር ይኑረው፣ የትኛው ክንድ አይነካም፣ የትኛው ጋ ይገኛል፣ በምን መርፌ። ባለሙያው ቢቀየር፣ ተማሪ ቢመጣ፣ መስመሯ አለች። ምንም ብር አያስወጣም።

ሌላው ብር የማያስወጣ ነገር ትዕዛዞችን ማሰባሰብ ነው። ልብ ክፍል ሰኞ ያዛል፣ ሌላው ክፍል ረቡዕ ያዛል፣ ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ እኔ ሁለቴ እወጋለሁ። አንዴ ገብቶ ለሁሉም ቲዩብ መሙላት ይቻላል እኮ፣ በአንድ ቀን እንዲሆን ተናገሩልን። አስቸጋሪ ለሆነም ሰው አነስ ያለ መጠን የሚይዙ የህጻናት ቲዩቦች አሉ፣ ላብራቶሪው ከተቀበላቸው ብዙ ደም ሳይፈልጉ ስራው ያልቃል።

ብር የሚያስወጣውን ደግሞ አንዴ ልበለው። አይኤንአር ከጣት ጫፍ በአንዲት ጠብታ የሚለካ ትንሽ ማሽን አለ፣ ስኳር እንደሚለካበት አይነት፣ ደም ስር የሚባል ነገር አይነካም። የልብ በር የተቀየረላቸው ሰዎች በሚከታተሉበት ክሊኒክ ሁሉ አንድ ቢኖር ከኛ መካከል ስንቱ ከዛ ወንበር ይገላገላል። ስትሪፑ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ከደም ስር ተቀድቶ መረጋገጥ እንዳለበትም አውቃለሁ፣ ግን ለከባዶቹ ብቻ እንኳ ቢሆን። በመብራት ደም ስር የሚያሳይ መሳሪያ ይምጣ የሚል አለ፣ እኔ እሱን አልለምንም፣ ስሩን ማየትና መርፌ ማስገባት የተለያየ ነገር ነው፣ ከሱ ይልቅ እውነተኛ ጎማ ግዙልን። እጅግ ጥልቅ ለሆነበት ሰው አልትራሳውንድ እያየ የሚቀዳ የሰለጠነ ሀኪም ድንገተኛ ክፍል ካለ ስልኩ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ይለጠፍ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ወንበር ጓደኞቼ። ኃላፊዎቹ እስኪያነቡት ድረስ እኛ የምናደርገው አለ።

ውሃ። ማታም ጠዋትም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ስሩ ይሰምጣል። "በባዶ ሆድ ና" ሲባል አብዛኛው ሰው ውሃም የማይጠጣ ይመስለዋል፣ ጾም ካለው ቃል ጋር ተያይዞብን መሰለኝ፣ ሀኪሙ ለይቶ ካልከለከለ ግን ለስኳርም ለቅባትም ምርመራ ንጹህ ውሃ ይጠጣል፣ ቡናና ሻይ ነው የማይሆነው። አይኤንአር ጭራሽ ባዶ ሆድ አይፈልግም፣ ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ። እናንተም ኃላፊዎቹ፣ ካርድ ክፍሉ በር ላይ "ውሃ መጠጣት ይቻላል" ብላችሁ ብትለጥፉ ግማሹ ችግር ይቀላል። ጿሚዎች፣ ሁዳዴም ይሁን ፍልሰታ ወይም ረመዳን፣ ውሃ የማይቀመስ ከሆነ ማታውን በደንብ ጠጥታችሁ ጠዋት መጀመሪያ ላይ ተቀዱ፣ የህመም ነገር ስለሆነ ደሞ የነፍስ አባትን ወይ ሼኩን ማማከር ነው፣ እኔ የነፍስ አባቴን ጠይቄ "ልጄ፣ ጠጪ እንጂ" ነው ያሉኝ።

ሙቀት። ብርድ ስሩን ያጠብበዋል። እኔ ክረምት ላይ በሀይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ በነጠላ ጠቅልዬ ወረፋ ላይ ክርኔ ስር ይዤ ነው የምቀመጠው፣ የሚያቃጥል እንዳይሆን ብቻ፣ ተራዬ እስኪደርስ ክንዴን ወደ ታች አንጠልጥዬ። ሰው ያየኛል፣ ይየኝ። ጃኬትም ቀድሞ አይወለቅም፣ ወንበሩ ጋ ሲደረስ ነው እጀታ የሚሰበሰበው።

የሚያዞርሽ ከሆነ ከመጀመሪያው ተናገሪ፣ ተኝተሽ ይቀዱሽ፣ ወድቀሽ ጭንቅላትሽን ከመመታት፣ በተለይ ዋርፋሪን ላይ ሆነሽ። የእጅ አንጓ በመዳፍ በኩል ያለው ቦታ ላይ አይሆንም በሉ፣ እዛ ነርቭ ይበዛል። እግር ላይ ልሞክር የሚል ካለም ስኳር ያለበት ወይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ያለ ሀኪም ፈቃድ እሺ እንዳይል። ከተቀዳችሁ በኋላ ክንድ አይታጠፍም፣ ጥጡን ቀጥ አድርጎ መጫን ነው፣ እየፈተጉ አይደለም፣ አምስት ደቂቃ፣ ካልቆመ ከዛም በላይ። በዛ እጅ የገበያ ፌስታል ተሸክሞ ታክሲ መጋፋትም ይቅር፣ ማታ ላይ ክንድ እንደ ጥቁር ወይን የሚሆነው ከዛ ነው።

"ሁለቴ ሞክረዋል፣ ሌላ ሰው ይሞክርልኝ" ማለት ደግሞ ብልግና አይደለም። ቀስ ብላችሁ፣ "ወንድሜ፣ አንተንም አደከምኩህ" ብላችሁ ጀምሩት፣ አብዛኛው ባለሙያ እፎይ ነው የሚለው።

ኃላፊዎች፣ ይሄን ደብዳቤ አትሜ ከማገኛቸው የአስተያየት ሳጥኖች ውስጥ እከታለሁ፣ አንዱን ቅጂ ጤና ቢሮ መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ስሜና ስልኬ እዛኛው ላይ አለ። ከሁሉም አስቀድማችሁ መልስ እንድትሰጡኝ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የሁለት ሙከራው ህግ ተጽፎ የሚለጠፈው መቼ ነው፣ የተበላሸ ናሙናን እንደገና ማስከፈልስ የሚቀረው መቼ ነው? በኮሚቴ የሚታይ ከሆነ ከበሽተኞች ወገን ሰው ይቀመጥ ካላችሁ እመጣለሁ፣ ከማክሰኞ በስተቀር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አይኤንአር አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የዋርፋሪን ተጠቃሚ፣ ከአዲስ አበባ